ማን ይግባ? የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ታሪክ ከኮተቤ እስከ ቂሊንጦ

ከመገናኛ ተነስቶ ወደ ኮተቤ የሚወጣ ሰው፣ ወደ ገርጂ የሚታጠፍ ሰው፣ በሲኤምሲ ወደ ሰሚት የሚሄድ ሰው፣ ቦሌን ጨርሶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቂሊንጦ ድረስ የሚወርድ ሰው፣ እያንዳንዱ ከአንድ የትምህርት ተቋም በር ደጃፍ ይደርሳል። አራቱ በሮች አንድ ጥያቄ ሲመልሱ ኖረዋል፤ ከሚያንኳኩት ብዙዎች መካከል ማን ይግባ? መልሳቸው ግን በየዘመኑ የተለያየ ነው። አንዱ ጋ መንግሥት መርጦ አስገባ፤ ሌላው ጋ ክልል ላከ፤ ሦስተኛው ጋ ከፍሎ መማር የቻለ ገባ፤ አራተኛው ጋ በብሔራዊ ፈተና ላይ ሌላ ፈተና ተጨመረ። በኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ እንዴት እንደተወሰነ ለማወቅ የፈለገ ሰው ወደ ስድስት ኪሎ መሄዱ አይቀርም፤ ነገር ግን አብዛኛውን ታሪክ እዚሁ በአዲስ አበባ ምሥራቅ ያገኘዋል።

መነሻው ኮተቤ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. እዚያ ሲከፈት ጣልያን ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ከጦርነቱ በፊት ውጭ አገር ተልከው የተማሩት ወጣቶች ጥቂት ነበሩ፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ጣልያን ባደረገው ጭፍጨፋ አልቀዋል። ስለዚህ የኮተቤ አዳሪ ትምህርት ቤት የተከፈተው ቢሮ የሚሞላ፣ መጽሐፍ የሚገልጥ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው በጠፋበት ጊዜ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥልጣን ለዓመታት በራሳቸው እጅ ይዘው ነበር፤ ትምህርት ቤቶቹን እየዞሩ ይጎበኙ ነበር፤ ጎበዝ የተባለው ተማሪም ወደ ውጭ አገር የመላክ ዕድል ነበረው። በዚያ ዘመን ተማሪን መምረጥ ማለት በአብዛኛው ፈልጎ ማግኘት ማለት ነበር፤ የሚመለስ ሰልፈኛ ገና አልተፈጠረም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርም ሁኔታው ከዚህ ብዙ አይርቅም። በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲየን ማት መሪነት የተቋቋመው ኮሌጅ የጀመረው በ33 ተማሪዎች ነው። ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በስድስት ኪሎው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ሲመረቅ ግን ነገሩ ተለውጦ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየጠቅላይ ግዛቱ ተከፍተዋል፤ የሚጨርሰው ተማሪ በዝቷል፤ ወንበሩ ግን ውስን ነው። መለያው «ማትሪክ» ሆነ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና እንግሊዝኛን ጨምሮ በአምስት ትምህርቶች አማካይ የሚቆጠር፣ እስከ አራት ነጥብ የሚደርስ ውጤት ነበር። «ስትሬት ኤ አመጣ» የተባለ ልጅ ስሙ ከሰፈር አልፎ አውራጃ ያዳርስ ነበር። «ማትሪክ ወደቀ» የተባለውም ብዙ ጊዜ በዚያው ስም ዕድሜውን ይጨርሳል። ያ አንድ ቁጥር ትልቅ ክብር ያገኘበት ምክንያት ግልጽ ነው። አራሚው ማን የማን ልጅ እንደሆነ አያውቅም። ባላባት ልጁን ለሹመት ማስገባት ይችል ነበር፤ ለማትሪክ ግን አማላጅ መላክ አይችልም። በዘመድና በደጅ ጥናት ብዙ ነገር በሚገኝበት አገር፣ አንድ የገበሬ ልጅ በስም ሳይሆን በቁጥር ተለይቶ ስድስት ኪሎ መግባቱ ታላቅ ነገር ነበር። ይህን ለማቃለል የሚሞክር ሰው ያንን ትውልድ አልጠየቀውም።

ሆኖም ቁጥሩ የሚመዝነው ዕውቀትን ብቻ አልነበረም። ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ራሱም የግድ የሚታለፍ ፈተና ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ መምህር ያስተማረው ልጅና በጎጃም ወይም በወሎ አንድ መጽሐፍ ለአሥር የተማረ ልጅ እኩል ወረቀት ይሰጣቸዋል። ወረቀቱ እኩል ነው፤ መንገዳቸው እኩል አይደለም። በ1957 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር እየላከ ማስተማር ሲጀምር፣ ብዙዎቹ ወጣቶች ይህን ልዩነት በዓይናቸው ያዩት ያኔ ነው። የተማሪው እንቅስቃሴ ከዚያ በኋላ ስለ መሬትና ስለ ድኻ አብዝቶ መናገሩ ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ኮተቤም በዚያው ሰሞን ሌላ መልክ ያዘ። በዩኒቨርሲቲው ሥር የነበረው የመምህራን ኮሌጅ በ1960ዎቹ መግቢያ ወደዚያ ተዛወረ፤ ግቢውም የመምህራን ማፍሪያ ሆነ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በየዘመኑ ከፍተኛው ነጥብ ወደ ሕክምናና ወደ ምህንድስና ሲሄድ፣ መምህርነት ከዚያ የተረፈውን ነጥብ ሲቀበል ኖሯል። ይህን ማንም በአዋጅ አልደነገገም፤ ምርጫውን በነጥብ ቅደም ተከተል የሚያስተናግድ ማንኛውም ሥርዓት ደመወዙና ክብሩ ዝቅ ያለውን ሙያ ወደ ታች ይገፋዋል። ቆይቶም አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ሦስት ዓመት በሚሠለጠንበት በ10+3 ዘመን የመምህርነት በር ለዩኒቨርሲቲ መሰናዶ ያልደረሰ ውጤት ላመጣ ልጅ ተከፈተ። እነዚያ ልጆች ተመርቀው ወደ ትምህርት ቤት ተመለሱ፤ ቀጣዩን የማትሪክ ተፈታኝም አስተማሩ። የመግቢያ መመዘኛ የሚወስነው የአንድን ተማሪ ዕጣ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ የኮተቤን ታሪክ ይመልከት። ግቢው በ2009 ዓ.ም. ገደማ በከተማው አስተዳደር ሥር ኮተቤ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በኋላም ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ወደ መጀመሪያ ተልእኮው ተመለሰ። ጎበዝ ተማሪን ወደ መምህርነት መሳብ ከቻለ ታሪኩን አርሟል ማለት ነው።

የደርግን ዓመታት በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ተማሪዎችን ወደ ገጠር የላከው ዘመቻ ሲጀመር ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ሲከፈት ስሙ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ኩባ የሚያስኬድ ሌላ በርም ተከፈተ። ማትሪክ ግን በቦታው ቆየ።

ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ በሲኤምሲ መንገድ የተከፈተው በር ከሁሉም የተለየ ነበር። የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ በ1987 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተቀበለው በአብዛኛው ክልሎች የላኳቸውን ሰዎች ነው። አዲስ የተዋቀሩት ክልሎች ዳኛ፣ የፋይናንስ ባለሙያና ዕቅድ አውጪ አልነበራቸውም። ለምሳሌ ለአፋር ወይም ለጋምቤላ መሥሪያ ቤት ከአዲስ አበባ ከፍተኛ ነጥብ ያለውን ልጅ ማስተማር ምን ይጠቅማል? ልጁ ተመርቆ እዚያ አይሄድም። ስለዚህ የሚመዘነው ግለሰቡ ብቻ ሳይሆን የላከው አካባቢ ፍላጎት ሆነ፤ ተመራቂውም ወደ ላከው ክልል ተመልሶ እንዲያገለግል ይጠበቅ ነበር። ይህን አሠራር በነጥብ ብቻ የሚያምን ሰው ብዙ ወቅሶታል። ወቀሳው ባዶ አይደለም፤ ላኪው መሥሪያ ቤት ከሆነ፣ ከተላከው ሰው ችሎታ ይልቅ ቅርበቱ የሚታይበት ቀዳዳ ይከፈታል። ነገር ግን ዓላማውን ደብቆ አልተነሳም። ምን እንደሚፈልግ፣ ለማን እንደሚፈልግ በግልጽ ተናግሮ ነበር፤ ከብዙ የመግቢያ ሥርዓቶች በዚህ ይሻላል ባይ ነኝ።

ገርጂ ያለው በር ደግሞ በግል እጅ የተሠራ ነው። ዩኒቲ በ1983 ዓ.ም. በቋንቋ ትምህርት ቤትነት ተጀመረ፤ በኋላ ኮሌጅ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በአገሪቱ የመጀመሪያው የግል ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከዚያ በፊት የመቁረጫ ነጥቡ ያልደረሰለት ልጅ የነበረው አማራጭ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከፍሎ የማታ መማር ነበር፤ ቀን እየሠሩ ማታ የተማሩ ብዙ ሺህ ሰዎች ዛሬ የቤተሰብ ኃላፊዎች ናቸው። የግል ኮሌጆች ሲበዙ ይህ ዕድል ሰፋ። በዚያው ልክ የመክፈል አቅም መመዘኛ ሆነ። ይህን ማንም በመመዘኛ ዝርዝር ላይ አይጽፈውም፤ ግን ይሠራል።

ዋናው የመንግሥት መንገድ በእነዚህ ዓመታት ተቀይሯል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናንና የሁለት ዓመት መሰናዶን አመጣ፤ ማትሪክ የተባለው በሁለት ተከፈለ። ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ እየተከፈቱ በጥቂት ዓመታት በአሥሮች ተቆጠሩ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው የማኅበራዊ ሳይንስ ይሁን ተባለ። ይህ ውሳኔ ስለ ልጆቹ ዝንባሌ ሳይሆን ስለ አገሪቱ ዕቅድ ነው፤ ግን የብዙ መቶ ሺህ ልጆችን ሕይወት ወስኗል። ጂኦግራፊ የሚወድ ልጅ በወንበር እጥረት ምክንያት ብቻ ፊዚክስ ክፍል ተቀምጦ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰ።

ስለዚህ ዘመን ምደባ ሰዎች ሲያወሩ ኮምፒውተር በነጥብ ደርድሮ የሚበትን ይመስላቸዋል። ነገሩ ከዚያ የረቀቀ ነው። ተማሪው ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል ይመርጣል፤ ውጤቱና ምርጫው ይታያል። ለሴቶች፣ ለታዳጊ ክልሎችና ለአርብቶ አደር አካባቢ ልጆች፣ ለአካል ጉዳተኞች የመቁረጫ ነጥቡ ዝቅ ይላል፤ ይህ ልዩ ድጋፍ በከፍተኛ ትምህርት አዋጆች፣ በ2001ዱ አዋጅ 650ም በ2011ዱ አዋጅ 1152ም፣ ቦታ አግኝቷል። ከዚያም በላይ ሌሎች ነገሮች አሉ። ሕክምና የሚከታተል ተማሪ ሐኪሙ ወዳለበት ከተማ እንዲመደብ ማመልከት ይችላል። የምታጠባ እናት ቤተሰቧ አጠገብ እንድትማር ትጠይቃለች። መንትዮች አንድ ዩኒቨርሲቲ እንዲመደቡ ይደረጋል። ስለ ጎንደርና ስለ ጅማ እያሰበች ሌሊቱን የማትተኛ የመንትዮች እናት ይህን አንቀጽ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ሥርዓታችን ደረቅ ቁጥር ብቻ ነው የሚለው አባባል እንግዲህ ትክክል አይደለም። ቁጥሩ ይቀድማል፤ ከቁጥሩ ጎን ሰው አለ።

ቁጥሩ ራሱ የተናጋው ግን ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዕለት የሚጀመረው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጭቶ ተገኘ፤ በመላ አገሪቱም ተሰረዘ። ከወር በላይ ቆይቶ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘግቶ፣ እንደገና ተሰጠ። ከዝርፊያው ጀርባ የነበረው ጥያቄ ግን ሳይሰማ ሊያልፍ አይገባውም። በኦሮሚያ በነበረው ተቃውሞ ምክንያት ለወራት ክፍል ያልገቡ ተማሪዎች የመዘጋጃ ጊዜ ይሰጣቸው የሚል ነበር። ፈተናን መስረቅ ሁሉንም ተማሪ ይጎዳል፤ ጥያቄው ግን እውነተኛ ነበር። አንድ ልጅ በዓመት ስንት ወር ክፍል ውስጥ ተቀመጠ የሚለው በየትኛውም ቅጽ ላይ የለም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የትግራይ ልጆች፣ ከዚያም በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ብዙ የአማራ ክልል ልጆች ያንኑ ጥያቄ በራሳቸው ዕድሜ ከፍለውበታል።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ኩረጃው ተንሰራፋ፤ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየተደጋገፈ የመጣው ውጤት ማንንም የማያሳምን ሆነ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የትምህርት ሚኒስትሩ ብርሃኑ ነጋ ፈተናውን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች አስገቡት። ተፈታኞች ስልካቸውን ጥለው፣ ብርድ ልብስ ይዘው፣ በማያውቁት ግቢ እያደሩ ተፈተኑ። በጥር ወር ውጤቱ ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ፈተና 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። በአንዳንዱ ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ደርሰዋል።

ያን ሰሞን ብዙ ሰው የተናገረው ስለ ልጆቹ ስንፍና ነው። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። አንድ ልጅ ሲወድቅ ስለ ልጁ መጠየቅ ይቻላል፤ አንድ ትምህርት ቤት ያስፈተነው ሁሉ ሲወድቅ ግን የተመዘነው ቤተ ሙከራው፣ መምህሩ፣ መጽሐፉና የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜው ነው። ከቦሌ ጥሩ የግል ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ያመጣው 400 እና መብራት በሌለበት ወረዳ በኩራዝ ያጠና ልጅ ያመጣው 290 በአንድ ዓምድ ሥር ይጻፋሉ። የትኛው ረጅም መንገድ እንደመጣ ዓምዱ አይናገርም።

አሁን ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን መመዘኛ መጨመር ጀምረዋል። ቂሊንጦ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. በር ከከፈተ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከአዳማው እኅት ዩኒቨርሲቲ ጋር የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ያዘ። በብሔራዊው ፈተና ከፍ ያለ ነጥብ ያመጣ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እዚያ እንደገና ይፈተናል። ኮተቤ ውስጥ ያለው የሳይንስ ሼርድ ካምፓስ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሁለተኛ ደረጃ አውርዶት ልጆችን በፈተና መርጦ ያሳድራል፤ ግቢው ከ1935ቱ አዳሪ ትምህርት ቤት ሐሳብ ጋር ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ተገናኘ ማለት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ የቅድመ ምረቃ መግቢያ ፈተና አወጣ። ከገቡ በኋላም ምዘናው አያበቃም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የተመለሰው የፍሬሽማን ዓመት ሲያልቅ ለትምህርት ክፍል ምደባ የዓመቱ ውጤትና የአሥራ ሁለተኛው ነጥብ በየድርሻቸው ይደመራሉ፤ ሕክምናና ሶፍትዌር የፈለገ ሁሉ እንደገና ይሰለፋል።

ቦሌ ውስጥ ለአሜሪካ ኮሌጆች የሚያመለክቱ ልጆች ያሉባቸው ቤተሰቦች ሌላ ዓለም ያውቃሉ። እዚያ የኤስኤቲ ነጥብ አለ፤ የአራት ዓመት የክፍል ውጤት አለ፤ ልጁ ስለ ራሱ የሚጽፈው ድርሰት፣ የመምህር ምስክርነት፣ ከክፍል ውጭ የሠራው ሥራ አለ። ሁሉም አንድ ላይ ይነበባል። በሩቅ ሲታይ ሰውን ሙሉ የሚያይ ይመስላል፤ ነገር ግን ድርሰቱን የሚያርም አማካሪ ያለው፣ የቫዮሊን መምህር የተከፈለለት ልጅ በእያንዳንዱ ዓምድ ይቀድማል። አሜሪካኖች ራሳቸው አልተስማሙበትም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ዘርን ከግምት የሚያስገባውን የሃርቫርድ አሠራር አስቀርቷል። ከእነሱ መንገዶች ለእኛ የሚቀርበው በእኔ ዕይታ የቴክሳሱ ነው። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቴክሳስ ከየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከክፍላቸው አንደኛ አሥር በመቶ የወጡትን ልጆች በግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ በሕግ ፈቀደ። ልጁ የሚወዳደረው አንድ መምህር፣ አንድ ቤተ ሙከራ ከተካፈለው ጓደኛው ጋር ነው።

ድርሰትና የምስክር ደብዳቤ ወደ እኛ ሥርዓት ቢገቡ ግን እፈራለሁ። ማትሪክን ያስከበረው አራሚው የማንን ልጅ እንደሚያርም አለማወቁ ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ ሥልጣን አግኝቶ መመዘኛውን በጓዳ ከያዘ ደጅ ጥናቱ በአንድ ዓመት ይመለሳል። እንዲጨመር የምፈልገው ሊቆጠርና በአደባባይ ሊለጠፍ የሚችል ነገር ነው። ተማሪው ከትምህርት ቤቱ ስንተኛ ወጣ? ትምህርት ቤቱ በዚያ ዓመት ስንት ወር ተከፈተ? ቤተ ሙከራ አለው? እነዚህ ስም የማይጠሩ፣ አማላጅ የማያስገቡ ቁጥሮች ናቸው፤ ድርሻቸውም ከምዝገባ በፊት ለሁሉም መነገር አለበት።

ለዚህ መነሻ የሚሆን ነገር በእጃችን አለ። ግማሽ ካላመጡት ልጆች የተመረጡት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሬሜዲያል ገብተው ተጨማሪ ትምህርት ይወስዳሉ፤ ከማዕከል የሚመጣው ፈተና 70፣ ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው 30 በመቶ ተይዞ ያለፈው ከፍሬሽማን ጋር ይቀላቀላል። አንድም ካላሳለፈ ትምህርት ቤት የመጣች ልጅ በዚህ በር ገብታ፣ በቀጥታ ከገባው ልጅ ጋር በአንድ አዳራሽ ያንኑ ሒሳብ ትፈተናለች። ሁለቱ ከአንድ ዓመት በኋላ የት ደረሱ? ውጤቱ በየዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ተቀምጧል። ትምህርት ሚኒስቴር በየትምህርት ቤቱ ለይቶ ቢያወጣው፣ 290 እና 400 ምን ያህል እንደሚራራቁ ክርክሩን ትተን በቁጥር ማየት እንጀምራለን።